የአርመኑ ፎቅ እና አዲሱ ፎቅ

ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ፎቆች አሉ። አንዱ የአርመኑ ፎቅ፣ ሌላው አዲሱ ፎቅ ይባላል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ ያልተከራከረ የአራዳ ሰው የለም። ውቤ በረሃ ውስጥ በዚሁ ክርክር ጠርሙስ ሲወራወሩ አይቻለሁ። እኔ አልከራከርም። የሁለቱንም ሆድ ዕቃ አውቀዋለሁ። አወዳድሬ በወረቀት ያስቀመጥኩት፣ አንደኛውን ያስፈረድኩበት እኔ ነኝ። ሰው ስለዚህ ነገር የሚያወራው ሁሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ፣ ሙሉውን እኔው ልጻፈው።

የአርመኑ ፎቅ አራት ደርብ ነው። በአፄ ምኒልክ መጨረሻ ዘመን አንድ አርመን ነጋዴ አሠራው ይባላል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ደረጃው እንጨት፣ መስኮቱ ቅስት ነው። በጊዜው ሰማይ ጠቀስ ይሉት ነበር አሉ። ለአቤቱታ ከገጠር የመጣ ሰው ከሥሩ ቆሞ ሲያንጋጥጥ ጥምጣሙ ይወድቅበት ነበር፣ አራተኛው ደርብ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ደግሞ ራሱ ዞሮ በሰው ትከሻ ተደግፎ ይወርድ ነበር ይላሉ። ዛሬ ሰማይ ጠቀስ ብትለው ይስቁብሃል።

አዲሱ ፎቅ አሥራ አንድ ደርብ ነው። በሃምሳ ስድስት ተጀምሮ በሃምሳ ስምንት አለቀ። አርማታ፣ መስታወት፣ አሳንሰር፣ ምን የሌለው አለ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አዲሱ ነው። የሠፈሩ ቀልደኞች አዲሱን ከላይ ከረባት አሥሮ ከታች ባዶ እግሩን የሚሄድ ይሉታል። የአርመኑን ደግሞ ጡረታ የከለከሉት ሽማግሌ ነው ይላሉ።

በአዲሱ ፎቅ ላይ ላቤ አለ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ መጀመሪያ ባሬላ ተሸከምኩ፣ ያችን ጭቃና ጠጠር ጭነው ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚይዛትን የእንጨት ቃሬዛ። በዓመቱ ግንበኛ ሆንኩ። ካቦያችን ደበሳይ የሚባል የአሥመራ ሰው ነበር። ሥራውን ከጣሊያን የተማረ፣ እርሳስ ከጆሮው፣ ቱምቢ ከኮቱ ኪስ የማይለየው ሰው ነው። ቱምቢ ማለት በሲባጎ የምትንጠለጠል ብረት ናት። ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምትፈርደው እሷ ናት። ደበሳይ አንድ የራሱ አሠራርም ነበረው። ጀሶ ቶሎ እየደረቀ ስለሚያስቸግር ትንሽ ኖራ ጣል ያደርግበታል። ሲደርቅ ከተራው ጀሶ ትንሽ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በአራዳ ግንበኛ የተባለ ሁሉ «የደበሳይ ጀሶ» ብሎ ያውቀዋል።

ሰባተኛው ደርብ ላይ አንድ የክፍል ግድግዳ ገነባሁ። በእጄ ብቻዬን የጨረስኩት የመጀመሪያው ነው። ደበሳይ መጣና ቱምቢውን ለቀቀ። ብረቱ ከግድግዳው ግርጌ ሁለት ጣት ርቆ ቆመ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በደርቡ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ጠራ፣ ውሃ ተሸካሚ ሴቶቹ ሳይቀሩ ተሰበሰቡ።

«ይሄ ግድግዳ ደክሞት ጋደል ብሏል» አለ። «እስቲ ትራስ አምጡለት።»

ከሴቶቹ አንዷ የእውነት ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፋ ከግድግዳው ሥር አኖረችለት። ሳቁ እስከ ታች መንገድ ድረስ ተሰማ። ግድግዳውን በራሴ መዶሻ አፈረስኩት፣ ወደ ባሬላዬም ተመለስኩ። ፎቁ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ግድግዳ አልሰጠኝም። ስሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋደል ሆነ። መርሻ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። ላገባት ሽማግሌ ልልክላት የነበረችው የሺ እንኳ ውቤ በረሃ በምትሠራበት ቤት ገብቼ ወንበር ስፈልግ፣ አልጋዋን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች «ና እንጂ፣ አንተ እንኳን ጋደል ማለት ታውቅበታለህ» ትለኝ ነበር፣ ሰው ባለበት። በኋላ ሾፌር አገባች።

ደበሳይ ከሚስቱ ከትብለጽ ጋር የሚኖረው የአርመኑ ፎቅ አራተኛ ደርብ ላይ ነው። አዲሱ ፎቅ ባለቀበት ሰሞን አንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሳለ፣ ያን የመሰለ ፎቅ ሠርተህ ምነው በዚህ አሮጌ ቤት ትኖራለህ ብለው ጠየቁት። «የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነዋ» አለ። «የገባበትንም ያልገባበትንም አውቃለሁ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። የእኔን እጅ ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩት። ሥራ ተቋራጩ የሰረቀውን ሲሚንቶ ማለቱ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መግባቱ ምንም አልጠቀመኝም። የያዝኩትን ይዣለሁ።

በስድሳ ሰባት ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ቀበሌ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ የተወረሱትን ቤቶች ወደሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ተዛወርኩና ተቆጣጣሪ ሆንኩ። የፒያሳ ፎቆች ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። የሁለቱም ፎቆች ደረጃ ላይ ስወጣ ሰው ከመቀመጫው ይነሣልኝ ነበር።

የሰባ አምስት ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ሁለቱም ፎቆች ተሰንጥቀው ተገኙ። መሥሪያ ቤቱ የተፈቀደለት ሲሚንቶና ብረት አንዱን ፎቅ ብቻ የሚጠግን ነው። ከቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ እምሩ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበረን። እጁ እንደ ሙሽራ እጅ ለስላሳ፣ ሰውን ሁሉ የሚያምን ልጅ ነው። ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳን። በየስንጥቁ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጀሶ ይለጠፋል፣ በላዩም ቀን ይጻፍበታል። ግድግዳው አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጀሶው ይሰበራል። ከቆመ ጀሶው እንዳለ ይቆያል። ሦስት ወር ይጠበቅና የሚንቀሳቀሰው ፎቅ ይለቀቃል፣ የቆመው ይጠገናል። በአዲሱ ፎቅ ሰባት፣ በአርመኑ አምስት ቦታ ለጠፈ። ነዋሪው ማኅተም ብሎ ሰየመው፣ ልጆቹንም እንዳይነኩት አስጠነቀቀ። ጠባቂው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ደበሳይ ቢሮዬ መጣ። ሁለት ቀን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን አስገባሁት። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ዓይኑን ሞራ ጀምሮታል፣ በሩን በእጁ እየዳሰሰ ነው የገባው። ቆሞ ተናገረ። ሚስቱ ግማሽ አካሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከአራተኛው ደርብ ወርዳ አታውቅም። ሐኪሙ ከአልጋዋ ካነሣችኋት አትተርፍም ብሎታል። ፎቁ እንደማይንቀሳቀስ እሱ ያውቃል። ስንጥቁ በጣሊያን ጊዜም የነበረ ነው፣ ማኅተሙን ሰው ካልነካው አይሰበርም።

«ሌላ ምንም አልለምንዎትም፣ አቶ መርሻ» አለ። «አልጋዋ ላይ ትሙትልኝ። ሬሳዋ ከቤቷ ይውጣ። ከዚያ ወዲያ ፎቁን ብታፈርሱት ድንጋዩን አብሬያችሁ እሸከማለሁ።»

አቶ መርሻ አለኝ። እርስዎ አለኝ። ያን ቀን ስንት ዓመት ስጠብቀው እንደኖርኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ግን የሚቀር ነገር ነበረ።

አላወቁኝም ወይ አልኩት። በሞራው ውስጥ አጨንቁሮ አየኝ፣ ተቆጣጣሪው አይደሉ እንዴ አለኝ። አዲሱ ፎቅ፣ ሰባተኛው ደርብ፣ ግድግዳ ያስፈረሱኝ አልኩት። ትራሱንም አነሣሁለት። ግንባሩን አሻሸ። እያስመሰለ አልነበረም፣ የእውነት እያሰበ ነው።

«ልጄ፣ ስንቱን አስፈረስኩ» አለ። «የትኛው ነበር?»

ረስቶታል። እንግዲህ ፍረዱኝ። አስታውሶ ይቅርታ ቢለኝ ምናልባት እተወው ነበር። አስታውሶ ደግሞ ቢሰድበኝ ተሰዳድበን ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን በአንድ ጠዋት ስሜን ቀምቶኝ፣ የቀማኝን እንኳ ሳያስቀምጠው ጥሎት ሄዷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስሸከመው ኖሬያለሁ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እስከ በሩ ሸኘሁትና አይዞዎት አልኩት። ማኅተሙን ማንም አይነካውም አልኩት። እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፣ አልከለከልኩትም።

እውነቱ ይሄውላችሁ። የአዲሱ ፎቅ ማኅተሞች ወር ሳይሞላቸው ተሰበሩ። ከሰባቱ አራቱ። ሰባተኛው ደርብ ላይ ያለው ጥፍር ያስገባ ነበር። የአርመኑ ፎቅ አምስቱም ማኅተሞች ፀጉር የምታህል መሥመር እንኳ የለባቸውም። ሰባ ዓመት የቆመው ቆሟል፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው እየሄደ ነው። የሁለቱ ፎቆች ንጽጽር ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሰው ጊዮርጊስ እያስቀደሰ፣ ቢሮዎቹም ተዘግተው ሳለ፣ አዲሱ ፎቅ ገባሁ። የተሰበሩትን አራት ማኅተሞች ፍቄ አነሣሁ። በንጹሕ ጀሶ እንደ እምሩ አድርጌ ለጠፍኩ፣ ቀኑንም የእሱን ጽሕፈት አስመስዬ ጻፍኩበት። በሚቀጥለው እሑድ ወደ አርመኑ ፎቅ ሄድኩ። እዚያ የሚጠገን ነገር አልነበረም። ጤነኞቹን አምስቱንም አነሣሁና በደበሳይ አቀላቀል፣ ኖራ ጣል አድርጌ መልሼ ለጠፍኩ፣ ቀኑንም እንደነበረው ጻፍኩበት።

ለምን ዝም ብለህ አልሰበርካቸውም የሚል ይኖራል። በእጅ የተሰበረ ጀሶ ያስታውቃል። ደግሞም ማኅተሙ ቢሰበር ደበሳይን የሚሄድበት ቤቱ ብቻ ነው። እኔ የሄደብኝ ስሜ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ጤነኛ አስመሰልኩት፣ ጤነኛውን ደግሞ ተሰብሮ በስውር የተጠገነ። ጠጋኙ ማን እንደሆነ ኖራው ይናገራል።

አራተኛው ደርብ ላይ ስደርስ ደበሳይ በሩን ከፍቶ ውሃ ሊደፋ ወጣ። ሚስቱን አጥቧት መጨረሱ ነው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ እርጥብ ነበር። ፊቴን መለየት ባይችልም በአረማመዴ ለየኝ። ማኅተሞቹን ልፈትሽ መምጣቴን ነገርኩት። ደስ አለው። ይፈትሹ፣ ይፈትሹ እያለ ሻይ አመጣልኝ። ከውስጥ ትብለጽ ማን ነው ስትል ሰማኋት፣ የሚረዳን ሰው ነው ብሎ መለሰላት። ሻዩን ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩለት። በሩን ሲዘጋ ከረጢቴን ፈታሁ።

እምሩ በሳምንቱ መጣ። አዲሱን ፎቅ ዞረ፣ ሰባቱም ማኅተም ደህና ነው። ትንሽ ገረመው፣ እኔ እኮ የጠበቅሁት ሌላ ነበር አለ፣ ግን ያየውን ጻፈ። የአርመኑ ፎቅ ደረጃ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ አበራሁለት። አንደኛውን አየ፣ አለፈ። ሁለተኛውን አየ፣ አለፈ። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያያል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ላይ፣ የዚህ ቀለሙ ትንሽ አልተለየብዎትም ወይ አልኩት። በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ፊቱ ተለወጠ። ይሄ የእኔ አይደለም አለ። ተመልሶ አምስቱንም አየ። ተሰብረው ነበር ማለት ነው፣ አንድ ሰው ሸፍኖታል አለ። ጀሶ ከኖራ የሚያቀላቅለው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ስም አልጠራሁም። ያገኙትን ግንበኛ ይጠይቁ አልኩት። ከመንገድ ማዶ የነበሩትን ሁለት ግንበኞች ጠየቀ፣ ሁለቱም አንድ ስም ሰጡት።

ደበሳይን ከቤቱ አስወጣነው። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን ወደ ምላሱ ወስዶ ቀመሰው። 

«አቀላቀሉ የእኔ ነው» አለ። «እጁ የእኔ አይደለም።»

ከዚያ ድምፄን ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ፣ መርሻ» አለኝ።

አንተ ለማለት ብዙም አልቆየም። አቀላቀሉ የእኔ ነው ማለታቸውን ይመዝግቡልኝ አልኩት እምሩን። መዘገበ።

ኃላፊያችን ወረቀቱን ሲያነብ አሻጥር የሚለውን ቃል በቀይ ጻፈበት። ይህ ቃል አንድ ወረቀት ላይ ከወጣ ሰውዬው ወዴት እንደሚሄድ ለአራዳ ሰው አይነገረውም። የአገሩን ነገር እኔ አላነሣሁም። ኃላፊው ራሱ ደበሳይ የየት ስም ነው ብሎ ጠየቀ፣ ራሱም መለሰ። እኔ ዝም አልኩ፣ በዝምታ የሚያሳስር ሕግ የለም። ሰውዬው አምኖ እንዲፈርም አድርግ ተባልኩ።

ቀበሌ ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጠንና ፊት ለፊት ተቀመጥን። እንዲህ አልኩት፦ ለሚስቴ ፈርቼ የተሰበረውን ሸፈንኩ ብለው ከፈረሙ ነገሩ የታመመች ሴት ባል ነገር ይሆናል፣ አሻጥር መሆኑ ይቀራል። ሚስትዎም እስከ መጨረሻቸው ከክፍላቸው አይነኩም፣ ሌላው ነዋሪ ብቻ ይለቃል። ይህን ያለ ማንም አልነበረም። መንገድ ላይ እየመጣሁ ያሰብኩት ነው።

«ቃልህ ነው?» አለኝ።

ቃሌ ነው አልኩት። ወረቀቱን እስከ አፍንጫው አስጠግቶ አነበበ። ቃል በቃል። ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ፣ አሁን ትዝ አለኝ አለ። ውሃ ተሸካሚዋን በስሟ ጠራት፣ ከረጢቱንም አስታወሰ። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ነገር አሁን ሊመጣ ነው ብዬ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

«ግን እኮ፣ መርሻ» አለ፣ «ግድግዳው ጋደል ብሎ ነበር።»

ይሄን እንዳለ ዘበኛው ወሰደው።

በማግስቱ ጠዋት ከአትክልት ተራ ሁለት ተሸካሚዎች ቀጥሬ ወጣሁ። ልቀቁ የተባለው የተቀረው ነዋሪ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል፣ ፎቁ ውስጥ የርግብ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አልጋ አያሳልፍም። ለአዲሱ ፎቅ ጥገና ከመጣው ዕቃ መሐል አንድ ባሬላ አገኘሁ፣ ከላዩ የደረቀውን ሲሚንቶ አራግፌ ብርድ ልብስ አነጠፍኩበት።

ትብለጽ ግድግዳውን ይዛ ተኝታለች። አንዲት ጎረቤት ከመሄዷ በፊት ውሃ አኑራላታለች። ስንገባ ባሏ መስሏት በትግርኛ ተናገረች። እኔ መሆኔን ስነግራት ቀጥታ ደበሳይ የት አለ ብላ ጠየቀችኝ። ታች እየጠበቀዎት ነው፣ እማማ፣ ቤት ተሰጥቷችኋል አልኳት። ደህና የሆነው እጇ እጄን ፈልጎ ያዘ። ያ የሚረዳን ሰው አንተ ነህ አለችኝ። አዎ አልኳት። መረቀችኝ። ለልጅ ልጅህ ብላ ጀምራ ትንፋሽ አጠራት፣ አልጨረሰችውም።

አውጥተን ባሬላው ላይ አደረግናት። በሩን ቆለፍኩና የእሽግ ወረቀቱን ለጠፍኩበት። ማኅተም መታሁበት። መውረድ ጀመርን። ደረጃው በየእርምጃው ይንቋቋል፣ ከፊት ያለው ተሸካሚ በጀርባው እየወረደ ነው። ቀስ በሉ ደቀይ፣ ቀስ በሉ ደቀይ ትላለች፣ ልጆቼ ማለቷ ነው። ሦስተኛው ደርብ ላይ ማለቱን ተወችው። ከሁለተኛው ደርብ በላይ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ላይ፣ ደህና የነበረው እጇ ከባሬላው ወጥቶ ተንጠለጠለ።

በዕድሜ የሚበልጠው ተሸካሚ ቁሙ አለ። አስቀመጡት። ጆሮውን ከአፏ አጠገብ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

«አርፈዋል» አለ። «ጌታዬ፣ ቤታቸው እዚህ ላይ ነው። እንመልሳቸው። ሰው ከሞተ ከቤቱ ነው የሚወጣው።»

አላሰብኩበትም እንዳይመስላችሁ። አስቤበታለሁ። ወደ ላይ ሁለት ደርብ እንኳ አይሞላም ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የእሽግ ወረቀቱ ሙጫ ገና አልደረቀም፣ ሳይቀደድ ይነሣ ነበር። ሁለቱም ተሸካሚዎች እያዩኝ ነው፣ አንደኛው የባሬላውን እጀታ ወደ ላይ ሊያዞር ጎንበስ ብሏል።

ቤቱ ታሽጓል፣ ውረዱ አልኳቸው።